ከኩሬው የሚጀመር ጎልፍ፦ የጎንደሩ ሪዞርት ንድፍ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፦ ቦታ መረጣ

ሦስት ቦታ ተወዳደረ። ሀ የአዘዞ ሜዳ ነው። ለ በኮሶዬ መስመር ያለው ደጋ ነው። ሐ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ የሆነ፣ በቀስታ የሚወርድ ተዳፋት ነው።

ሀ ለዶዘር ይመቻል፣ የሚነሳው አፈር ትንሽ ነው። ግን አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ይሰነብታል፣ በጋ ላይ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ጎልፍ በዚህ አገር ያለ ኩሬ አይሆንም፣ ኩሬ ደግሞ ወፍ ይጠራል። የአቪዬሽን መመሪያዎች ከማረፊያው 13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ወፍ የሚስብ ነገር እንዳይጨመር ያስጠነቅቃሉ። ሀ በዚህ ወደቀ።

ለ ለእይታ አቻ የለውም። ለሳር ግን ይከብዳል፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ሰርዶ ማደጉን ያቆማል፣ እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ሜዳው ቡናማ ይሆናል። እዚያ ቡና መጠጫ ይሠራ እንጂ ግሪን (ቀዳዳው ያለበት፣ በጣም አጥሮ የሚታጨድ መደብ) አይሠራም።

ሐ ቀረ። ከመጽናቱ በፊት ሁለት ነገር በካርታ ታየ፦ ቦታው ከአንገረብ ግድብ ተፋሰስ ውጭ መሆኑ፣ ከቀሃ ወንዝም ምንም ውሃ የማይጠለፍ መሆኑ። አንገረብ ከተማው የሚጠጣው ነው፣ በደለልም የተቸገረ ግድብ ነው፤ ማዳበሪያ የሚበተንበት ሜዳ ከላዩ አይቀመጥም። ቀሃ ደግሞ የጥምቀተ ባሕሩ ውሃ ነው። የከተማው ቧንቧም ለሳር አልታሰበም። ነዋሪው ውሃ በፈረቃ በሚጠብቅበት ከተማ ሳር በቧንቧ ማጠጣት ንድፍ አይባልም።

አፈሩን ለማወቅ በየ100 ሜትሩ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው የፍተሻ ጉድጓድ ተቆፈረ። መሣሪያው ዶማ፣ አካፋ፣ ሜትር፣ የእጅ ጂፒኤስና የናሙና ፌስታል ነው። ላይኛው ክፍል ቀይ አፈር፣ ታችኛው ሦስተኛ እጅ ዋልካ ሆኖ ተገኘ። ለዋልካው የመነፋት ፈተና ተሠራ፦ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ 10 ሲሲ ደረቅ አፈር ውሃ ባለበት ባለ 100 ሲሲ የመስታወት መለኪያ ይጨመራል፣ ለ24 ሰዓት ይተዋል፣ ከዚያ የተቀመጠው አፈር ይነበባል። 15 ሲሲ ካልደረሰ አያሰጋም፤ 20 ሲሲ ካለፈ እዚያ ላይ ቤት መሥራት ገንዘብ መቅበር ነው። የታችኛው ክፍል ከ20 በላይ ወጣ። ስለዚህ ሕንፃ በሙሉ ወደ ቀዩ አፈር፣ ኩሬ ወደ ዋልካው።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ከግንባታ በፊት ስለሚቀርብ፣ የጉድጓዶቹ መዝገብ ከመጀመሪያው በዚያ መልክ ተያዘ። ኋላ ተመልሶ ከመጻፍ ይህ ይቀላል።

ኅዳር፦ የውሃ ሂሳብ

እዚህ ላይ ነው የሪዞርቱ መጠን የተወሰነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ 18 ሆል (ሆል አንዱ የመጫወቻ መስመር ነው) ይባላል፣ ከዚያ ሆቴሉ ይሳላል፣ ውሃው በመጨረሻ ይፈለጋል። በጎንደር ዝናብ ይህ አካሄድ አይሠራም። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ላለው 220 ቀን ያህል ሳሩ የሚኖረው በተጠራቀመ ውሃ ነው።

የሂሳቡ መነሻ ቀላል ነው፦ በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። ግሪን በቀን 5 ሚሊ ሜትር፣ ቲ (የመጀመሪያው ምት የሚመታበት መደብ) 4፣ ፌርዌይ (ከቲ እስከ ግሪን ያለው ሜዳ) 3.5 ተያዘ። ለ9 ሆል ግሪኑ ከልምምድ ግሪኑ ጋር 0.5 ሄክታር፣ ቲዎቹ 0.4 ሄክታር፣ ፌርዌዩ ሙሉ በሙሉ ከጠጣ 7.5 ሄክታር ነው። ሲደመር በቀን 303 ሜትር ኩብ። ከሚረጨው ውሃ ሩቡ በነፋስና በመዛነፍ ስለሚባክን በ0.75 ይካፈላል፦ 405 ሜትር ኩብ በቀን። በ220 ቀን 89 ሺህ ሜትር ኩብ፣ ትነትና ስርገት ሳይጨመር።

ይህ ከተፋሰሱ አቅም ጋር አልገጠመም። ከቦታው በላይ ያለው ተፋሰስ 40 ሄክታር ነው። በደህና ክረምት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና 30 በመቶው ቢፈስ 108 ሺህ ሜትር ኩብ ይሰበሰባል፤ በወረቀት ይበቃል። ዝናቡ 600 ቢሆንና 20 በመቶው ብቻ ቢፈስ ግን 48 ሺህ ነው። ከዚያም ላይ ከኩሬው በታች አትክልት የሚያለሙ አርሶ አደሮች አሉ፤ ጎርፉን በሙሉ መያዝ መብትም አይደለም፣ ጎረቤትነትም አይደለም።

ስለዚህ ፌርዌዩ ተቆረጠ። የሚጠጣው ኳሷ የምታርፍበት ቦታና ከግሪን ፊት ያለው አንገት ብቻ ሆነ፣ በድምሩ 4 ሄክታር። የቀረው በበጋ ይደርቃል፣ ይቢጫል፣ በሰኔ ይመለሳል፤ ሰርዶ ከሥሩ አይሞትም። አዲሱ ሂሳብ፦ ግሪን 25፣ ቲ 16፣ ፌርዌይ 140፣ ድምር 181፣ ከብክነቱ ጋር 241 ሜትር ኩብ በቀን። በበጋው ሁሉ 53 ሺህ። የኩሬው ትነት 15 ሺህ፣ ስርገት 7 ሺህ፣ ለደለል የሚተው 6 ሺህ ሲጨመር 81 ሺህ ሜትር ኩብ። ይህም 1.8 ሄክታር ስፋትና 4.5 ሜትር አማካይ ጥልቀት ያለው ኩሬ ነው። ጥልቀቱን ቀንሶ ስፋቱን መጨመር ቁፋሮውን ያረክሳል፤ የሚተነው ግን ፊቱ ስለሆነ ከሰፊ ሳህን ይልቅ ጠባብ ማሰሮ ይሻላል።

ክረምቱ ሲከፋ የሚቆረጠው በቅደም ተከተል አሁኑኑ ተጻፈ፣ ያኔ ክርክር እንዳይነሳ፦ መጀመሪያ ፌርዌይ፣ ቀጥሎ የልምምድ ሜዳ፣ ቀጥሎ ከቲዎቹ ግማሹ። ግሪን መጨረሻ ነው፤ የሞተ ፌርዌይ በአንድ ክረምት ይመለሳል፣ የሞተ ግሪን ግን ከአሸዋው ጀምሮ ነው የሚሠራው።

የኩሬው ወለል የሚደፈነው በራሱ ዋልካ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ በለስላሳ ሮለር ሳይሆን ጥርስ ባለው የበግ እግር ሮለር ተጠቅጥቆ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለስላሳው ሮለር ንጣፎቹን ለየብቻ ስለሚያቆማቸው ውሃው በመካከላቸው ይሾልካል። በላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ቀይ አፈርና ጠጠር ይለብሳል፤ በሚያዝያ ውሃው ሲወርድ የተጋለጠ ዋልካ ይሰነጠቃል፣ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ ግድቡን ከውስጥ ይበላዋል። የግድቡ ጎን 3 አግድም ለ1 ቁመት፣ ማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት) ከተሞላው አፈር ላይ ሳይሆን ከጎን ባለው ያልተነካ መሬት ላይ፣ ግድቡ ከሙሉው ውሃ በላይ የሚኖረው ትርፍ ከፍታ 1 ሜትር። ከመግቢያው በላይ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) የታጠረ የደለል ማስቀሪያ ገንዳ አለ፣ በየጥቅምቱ በሎደር የሚጠረግ። ያ ባይኖር ለደለል የተተወው 6 ሺህ ቶሎ ያልቃል።

ከ40 ክፍሎች የሚወጣው ፍሳሽ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘው እንኳ፣ በየክፍሉ ሁለት ሰው፣ በሰው 200 ሊትር ቢታሰብ በቀን 16 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ጎልፉን በሆቴሉ ፍሳሽ እናጠጣለን የሚባለው ወሬ በቁጥር ሲታይ እዚህ ላይ ያበቃል። ተጣርቶ ለቲዎቹ ይውላል። ለግሪን አይሰጥም፤ ከልብስ ማጠቢያው ሳሙናና በረኪና የሚመጣው ሶዲየም ጥቂት ሸክላ እንኳ ባለበት አሸዋ ውስጥ ተጠራቅሞ ውሃ ማስረጊያውን ይዘጋል።

ታኅሣሥ፦ የሆሎቹ መስመር

9 ሆል፣ ፓር 36 (ፓር ኳሷን ቀዳዳ ለመክተት የሚጠበቀው የምት ብዛት ነው)፦ ሁለት ፓር 3፣ አምስት ፓር 4፣ ሁለት ፓር 5። እያንዳንዱ ሆል ሁለት የቲ መደብ አለው፤ ሁለተኛው ዙር ከሌላኛው መደብ ስለሚመታ 18 ሆል ይሆናል። ለሦስትና ለአራት ቀን ለሚያርፍ እንግዳ ይህ ይበቃል።

ከፍታው ርቀቱን ይለውጠዋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ በ2,100 ሜትር ላይ ከባሕር ጠለል በ8 በመቶ ገደማ ትርቃለች። በባሕር ዳርቻ 3,000 ሜትር የሆነ ዘጠኝ ሆል እዚህ ያንኑ ያህል እንዲከብድ 3,240 ሜትር መሆን አለበት። ተዳፋቱም ይቆጠራል፤ ኳሷ በምትወርድበት በእያንዳንዱ ሜትር ሆሉ በአንድ ሜትር ገደማ ያጥራል፣ ስትወጣም እንዲሁ ይረዝማል። ከውጭ የመጣ ንድፍ እንዳለ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚታየው ስህተት ይህ ነው፦ ባንከሮቹ (የአሸዋ ጉድጓዶቹ) የማንም ኳስ የማያርፍበት ቦታ ላይ ይቀራሉ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሆሎች የመሐል መስመራቸው 60 ሜትር ይራራቃል ይባላል፤ እኛ 65 ያዝን። ከአጥር 60።

በቀኝ እጁ የሚመታ ጀማሪ ኳሱ ወደ ቀኝ ያመልጠዋል። ስለዚህ ጎረቤት ማሳና መንገድ ከሆሎቹ በስተግራ እንዲውሉ ዙሩ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ሊሄድ ይችል እንደሆነ ተሞከረ። አልሆነም፤ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ሲዞር አጥሩ በቀኝ ይውላል፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር ግን በግራ። ስለዚህ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ጸና፣ ከ4ኛው ሆል በቀር። እሱ በቀኙ ማሳ ስላለ ፌርዌዩ ወደ ግራ ተገፋ፣ በቀኙ የወይራ ረድፍ ተተከለ።

ፀሐይ፦ 1ኛው ሆል ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ 9ኛው ማምሻ ላይ ወደ ምዕራብ እንዳያይ ተደረገ። የልምምድ ሜዳው ወደ ሰሜን ነው የሚመታው። እንግዳ በሚመጣበት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከመቺው ጀርባ ትሆናለች ማለት ነው። ርዝመቱ ከ300 ወደ 325 ሜትር አደገ፣ በዚያው 8 በመቶ ምክንያት።

በቦታው መሐል ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ማጠር አልታሰበም። ቢታጠር አጥሩ ይቀደዳል፣ ሰውም ይቀየማል። መንገዱ በቦታው ቀርቶ ሆሎቹ በሁለት ተከፈሉ፦ አራቱ ከላይ፣ አምስቱ ከታች፣ ምንም ምት መንገዱን አያቋርጥም። ለዚህ ሲባል 5ኛው ሆል ከፓር 5 ወደ ፓር 4 ወርዶ 7ኛው ፓር 5 ሆነ፤ ድምሩ አልተነካም።

ጋሪ መኪና ለሁሉ እንግዳ አይታሰብም። ከግሪን እስከ ቀጣዩ ቲ ያለው ርቀት ከ60 ሜትር እንዳያልፍ ስለተደረገ በእግር ይጫወታል፣ ዕቃውን የሰፈሩ ወጣት ይይዛል። ጥቂት ጋሪዎች የሚሄዱበት መንገድ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ኮብልስቶን ነው። በዋልካው ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ወጥቶ ሴሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ ሙሌት አፈር) ይገባል። ኮንክሪት እዚያ ላይ በአንድ ክረምት ይሰነጠቃል፤ ኮብልስቶን ቢዛነፍ ተነቅሎ ይነጠፋል።

ጥር፦ ማደሪያው

አጭር ነው፣ ምክንያቱም ከባዱ ሥራ ከኅዳር ጋር አልቋል። 40 ክፍል፣ ከሁለት ፎቅ የማይበልጥ፣ በጥቁር ድንጋይ። የፋሲል ግንብን ግልባጭ ማማ የሚለጥፍ ሥዕል ቀርቦ ተነሳ። ዋናው ግንብ ከተማው ውስጥ እያለ ከሲሚንቶ የተሠራ ማማ ለማን ነው? ከግንቦቹ የሚወሰደው የግድግዳው ውፍረትና የመስኮቱ ጥልቀት ነው፤ ቀን ያቀዘቅዛል፣ ማታ ሙቀቱን ይይዛል።

ለንድፉ የሚጠቅመው ዋና ነጥብ ይህ ነው። የጥምቀት ሰሞን ክፍሉ ሁሉ ይያዛል፣ ያኔ ደግሞ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ ሰርዶ በጣም ዝግ ብሎ ያድጋል። የተቦጨቀ ሳር አይሞላም። ስለዚህ የቲ መደቦቹ ከተለመደው ሰፉ፤ የፓር 3ቱ፣ ሁሉም በብረት ዱላ ስለሚመታባቸው፣ እያንዳንዳቸው 400 ሜትር ካሬ ሆኑ። ምልክቱ በየዕለቱ ይንቀሳቀሳል፣ የተጎዳው ቦታ እስከ የካቲት ያርፋል።

የካቲት፦ አሸዋ

የግሪን ወጪ ማለት የአሸዋ ወጪ ነው። የታወቀው አሠራር ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሥር አሸዋ፣ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ በታች በቦይ ውስጥ 100 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነው። ቱቦዎቹ ከ5 ሜትር በላይ አይራራቁም። ለ500 ሜትር ካሬ ግሪን 150 ሜትር ኩብ አሸዋ ይገባል፣ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ 180 ይገዛል። በ16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ 11 ቢያጆ ከሩብ። ጠጠሩ 50 ሜትር ኩብ፣ 3 ቢያጆ ገደማ። ለአሥሩ ግሪን 1,800 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ወደ 113 ቢያጆ። ዋጋው እዚህ በብር አይጻፍም፤ የቢያጆ ዋጋ ከናፍጣው ጋር ስለሚሮጥ ሁሉም ውሳኔ በቢያጆ ነው የሚነጻጸረው።

ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ለሥር አሸዋ ቢያንስ 60 በመቶው በ0.25 እና በ1 ሚሊ ሜትር መካከል መሆን አለበት። ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ከ10 በመቶ አያልፍም፣ ደለል ከ5፣ ሸክላ ከ3 አያልፍም። የጎንደር አካባቢ ድንጋይ ባሳልት ነው፣ የወንዙም አሸዋ ከዚያው የመጣ ስለሆነ ጥቁር፣ ጭቃ ያዘለና መጠኑ የተዘባረቀ ነው። ለኮንክሪት የሚሆን አሸዋ ለግሪን ይሆናል ማለት አይደለም።

ፈጣኑ ፈተና በጠርሙስ ነው። ሁለት ሦስተኛውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃና ቁንጥር ጨው፣ በደንብ መነቅነቅ፣ ማሳደር። ጠዋት ከአሸዋው በላይ የተቀመጠው ጭቃ ከጠቅላላው ቁመት ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ቢያጆው እንዲመለስ ነው። ይህ ላቦራቶሪን አይተካም፣ ግን መኪናው በር ላይ እያለ ይወስናል።

ሦስት ነገር ተሞከረ። ያልታጠበ የወንዝ አሸዋ፦ በ20 ሴንቲ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ ውሃ ሲፈስበት በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር እንኳ አላሳለፈም፤ የሚፈለገው ከ150 በላይ ነው። የካባ 00 (ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣው ደቃቁ)፦ መጀመሪያ በደንብ ያሳልፋል፣ ግን ጫፉ ስለታምና ዱቄቱ ብዙ ስለሆነ ሲረገጥ እየተቆላለፈ እንደ ምርግ ይሆናል። የታጠበና በሁለት ወንፊት ያለፈ የወንዝ አሸዋ፦ 2 ሚሊ ሜትሩ ላይ የቀረው ተጥሎ፣ በ0.25ቱ ያለፈው ታጥቦ ሲወርድ፣ ከ200 በላይ አሳለፈ። ሦስተኛው ተያዘ። ከሚገዛው ሲሶ ያህሉ በማጠብና በማበጠር ስለሚጠፋ ግን 113 ቢያጆ ወደ 170 ያድጋል። የተጣለው ሸካራ አሸዋ አይባክንም፣ ለኮብልስቶኑ መነጠፊያ ይሆናል። የማጠቢያው ውሃ በሁለት ገንዳ ተጣርቶ ይመለሳል።

ከአሸዋው ጋር 15 በመቶ በመጠን የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቀላል። በ6 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ፣ ከስድስት ወር ያላነሰ የቆየ ካልሆነ የአረም ዘር ይዞ ይገባል። ቅልቅሉ ከግሪኑ ውጭ በጠንካራ መደብ ላይ በሎደር ይሠራል። አሸዋውን አንጥፎ በላዩ ኮምፖስት በትኖ በሬክ ማመስ ርካሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ንብርብር ነው፣ ንብርብር ባለበት ውሃ ይቆማል፣ ሥርም ይቆማል።

መጋቢት፦ የሙከራ ግሪን

መሬቱ ከመጨረሻው ከፍታ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የላይኛውን ቅርፅ ተከትሎ ይቆረጣል። ወለሉ ሜዳ ሆኖ ላዩ ከተጎበጠ አሸዋው አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል፤ የወፈረው ይደርቃል፣ የሳሳው ይረጥባል። ቀዳዳው በሚቀመጥባቸው ቦታዎች ተዳፋቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ቀዳዳው 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ተዳፋቱ ከበዛ ኳስ አጠገቡ ለመቆም ይቸግራታል።

ጠጠሩ ላይ ሥራው ቆመ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከጠጠሩ 15 በመቶው የሚያልፍበት የወንፊት መጠን፣ ከአሸዋው 85 በመቶው ከሚያልፍበት መጠን ከአምስት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ አሸዋው ወደ ጠጠሩ ይሰርጋል፣ ቱቦው ይደፈናል። የአሸዋው 0.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የጠጠሩ ከ4.5 ማለፍ አልነበረበትም። የካባው 01 (ከ00 ከፍ ያለው ጠጠር) ከ5 በላይ ወጣ። አንዱ መፍትሔ በመሐል 5 ሴንቲ ሜትር ሸካራ አሸዋ ማንጠፍ ነው፣ በአንድ ግሪን 25 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ማለት ነው። ሌላው 01ኑን ከ00 ሸካራው ጋር አደባልቆ በ9 እና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት መካከል ያለውን ብቻ መያዝ ነው። ሁለተኛው የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል እንጂ መኪና አይፈልግም፣ እሱ ተመረጠ። በጠጠርና በአሸዋ መካከል ጂኦቴክስታይል (የማጣሪያ ጨርቅ) ማንጠፍ አይገባም፤ በጥቂት ዓመት በደቃቁ ይደፈናል።

የአሸዋው ጠርዝ ከቀይ አፈሩ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን ፕላስቲክ ቆሞ ገባ። ያለዚያ በበጋ ደረቁ አፈር የግሪኑን ጠርዝ ውሃ ይመጠዋል፣ ዳር ዳሩ ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል።

ሚያዝያ እና ግንቦት፦ ሳርና ቱቦ

ኪኩዩ ሳር በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ቤቱ ነው፣ ለፌርዌይም ጠንካራ ነው። ግን ሁሉን ይወርራል። ከማጨጃው ምላጭ ላይ የወደቀ አንድ አንጓ ግሪን ውስጥ ይበቅላል፣ በእጅ ካልተነቀለ አይወጣም። ስለዚህ ከቦታው ወጣ። ሜዳው ሁሉ ሰርዶ ነው። ለግድቡ ጎንና ለቦረቦሩ ቬቲቨር፣ ሥሩ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን ስለማይሄድ።

ለግሪን ድንክ ድቅል ሰርዶ ከውጭ ማስገባት ይቻላል፤ ዘር ስለሌለው በቁርጥራጭ ይመጣል፣ የኳራንቲን ፈቃድ ይፈልጋል። ጎን ለጎን ከብት ዘወትር በሚግጥባቸው መስኮች ላይ ቅጠሉ ቀጭን፣ አንጓው አጭር የሆነ ሰርዶ ተፈልጎ በየመደቡ ለብቻ ተተከለ። ከመደቦቹ ጥቂቶቹ በ8 ሚሊ ሜትር ታጭደው አልሳሱም። ለሪዞርት ግሪን ይህ ይበቃል፣ ኳሷ ትንሽ ዝግ ትላለች እንጂ ትሄዳለች። አንድ ሜትር ካሬ ችግኝ ተበጣጥሶ ከ8 እስከ 10 ሜትር ካሬ ይተክላል፤ ለአንድ ግሪን 60 ሜትር ካሬ መደብ ይበቃል ማለት ነው።

የሚተከለው በግንቦት መግቢያ ነው። አፈሩ ሞቃት ነው፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ቀለል ተደርጎ ይጠጣል፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ይሸፍናል። በሐምሌ የሚተከል በጎርፍ ይታጠባል፣ በመስከረም የሚተከል ብርድ ይደርስበታል። ስለዚህ ኩሬው በግንቦት ባዶ መሆን የለበትም፤ የኅዳሩ ሂሳብ ላይ ለመጀመሪያው ዓመት 5 ሺህ ሜትር ኩብ ተጨመረ፣ ያን ዓመት ፌርዌዩ ያን ያህል ይቀነስበታል።

ፓምፑ፦ 241 ሜትር ኩብ ከምሽቱ 2 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሰዓት 24 ሜትር ኩብ። የከፍታ ልዩነት 25 ሜትር፣ ለመርጫው 40፣ ለቱቦ ፍትጊያ 10፣ ድምር 75 ሜትር። 7.5 ኪሎ ዋት ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ሜዳው ሁሉ እንዳይጠፋ መስመሩ ለሁለት ተከፈለ። ግሪንና ቲ ከ100 ሜትር ኩብ ላይኛ ታንከር በስበት ይጠጣሉ፣ ታንከሩን ቀን ቀን ሶላር ፓምፕ ይሞላዋል። የሁለቱ ፍላጎት በቀን 55 ስለሆነ ታንከሩ ለሁለት ቀን ለጥቂት አይደርስም። ፌርዌዩ በመብራት ብቻ፤ ጄኔሬተር ለፌርዌይ አይነሳም።

ዋናው ቱቦ 90 ሚሊ ሜትር ኤችዲፒኢ (ተጣጣፊ ፕላስቲክ)፣ በሙቀት የተበየደ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ፣ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ያለው። በማጣበቂያ የተያያዘ ፒቪሲ በዋልካ ውስጥ አይዘልቅም፤ አፈሩ ሲነፋና ሲኮማተር መገጣጠሚያውን ይስበዋል፣ ፍሳሹም ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገባ ላይ ሳይታይ ይሰነብታል።

ሰኔ እና ሐምሌ፦ የመጀመሪያው ዝናብ

የሙከራ ግሪኑ ዝናቡን አሳለፈ፣ ውሃ አልቆመበትም። ባንከሩ ግን ከሁለተኛው ከባድ ዝናብ በኋላ ፊቱ ተንዶ ወለሉ ጭቃ ሆነ። ፊቱ ከአግድም 45 ዲግሪ ነበር የተሳለው፤ በሐምሌ ዝናብ ያ አይቆምም። ወደ 25 ዲግሪ ወርዶ አሸዋው ወለሉ ላይ ብቻ እንዲሆን፣ ፊቱ ሳር እንዲለብስ ተደረገ። ከላዩ ውሃ የሚያዞር ጠባብ ቦይ ተጨመረ። በንድፉ ላይ ከነበሩት 31 ባንከሮች 14 ቀሩ። እያንዳንዱ በክረምት የሰው ጉልበት ነው፤ ለእንግዳውም 14 ይበቃዋል።

ተምች በዝናቡ መግቢያ ታየ። ሣር በል ስለሆነ ለምለም ሰርዶ ላይ ይወርዳል። መፈተሻው የሳሙና ውሃ ነው፦ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ባልዲ ሲፈስ ትሉ በደቂቃዎች ወደ ላይ ይወጣል። መድኃኒት ግሪን ላይ ብቻ ይረጫል። ፌርዌይ ቢበላም ዝናብ እያለ ራሱ ይመለሳል፣ ከኩሬውም ኬሚካል ይርቃል።

ፍልፈል ከታችኛው ክፍል ወደ 6ኛው ቲ እየመጣ ነው። ወጥመድ ተይዟል። የቲው መሠረት ሲቆረጥ ጥቅጥቅ ያለ የ01 ጠጠር ንጣፍ ከዳር ዳር እንዲገባ በሥዕሉ ላይ ተጨመረ፤ ይሠራ እንደሆነ በዚህ አንድ ቲ ላይ ታይቶ ነው ለሌሎቹ የሚወሰነው።

ከሜዳው ውጭ ያለው ረጅም ሳር በኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ለጎረቤት ከብት እንዲሄድ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረናል። ለሪዞርቱ የእሳት መከላከያ ነው፣ ለእነሱ መኖ። አጥሩ ቅንጭብ ነው፤ በቁራጭ የሚተከለው አሁን ነው፣ ዘንድሮ ካልተተከለ ዓመት ይጠብቃል። ባሕር ዛፍ ከግሪንም ከኩሬም 40 ሜትር ውስጥ አይተከልም፣ ያለውም ይነሳል።

ቀጣይ ሥራ፦ የማስተንፈሻውን ስፋት በሐምሌና በነሐሴ በሚለካው የቦረቦሩ ጎርፍ መሠረት እንደገና ማስላት። የውሃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳው በጋቢዮኑ ላይ ተተክሏል። የማጨጃ ማሽን ትዕዛዝ ከዚያ በኋላ ነው፤ የሪል ማጨጃው (ምላጩ በጥቅል የሚሽከረከረው) ምላጭና መሸከሚያ ኩሽኔታ ከማሽኑ ጋር አብሮ ካልታዘዘ በየበጋው አቧራ ሲበላው መለዋወጫ ስለማይገኝ፣ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ሁለት ስብስብ ተይዟል።